ሳህኑ ከስፖንጁ ሲበልጥ

ድሬ እንደተዋችኋት ናት፤ ሙቀቱ አለ፣ አቧራው አለ፣ ጨዋታውም አለ። ባለፈው ሳምንት ስለ አከራይና ተከራይ የጫርኩትን አንብባ «አከራዬ ጋዜጣውን አይታ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀመጠችው» ብላ ለደወለችልኝ እህቴ፦ አከራይሽ ጋዜጣ የምታነብ መሆኗን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ብዕሬን ለዘብ አደርገው ነበር። ይቅርታሽን።

ዛሬ ከፍቅርና ከቤት ኪራይ ወጣ ብዬ ስለ አንድ ክብ ስፖንጅ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ። የመዳፍ ያህል ስፖንጅ ጎረቤት ከጎረቤት ያቆራርጣል፣ ሰርግ ያደፈርሳል፣ ሰውን ከአንድ ዓመት በላይ እዳ ውስጥ ይዘፍቃል። ማን ነገረህ ካላችሁኝ፣ እኔው ነኝ የተዘፈቅኩት።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። የደብተር ወረቀት ላይ በሁለቱም ገጽ የተጻፈ፣ ጥጉ ላይ የሳሙና ውሃ የነካው ደብዳቤ ደረሰኝ። ላሳጥረውና እነሆ፦

«…እድሜዬ 23 ነው። ነዋሪነቴ ሳቢያን ነው። አስረኛን ከጨረስኩ ወዲህ አንድ ላቫጆ ውስጥ መኪና ሳጥብ ሶስት ዓመት ሆነኝ። አሁን እቁብ ደርሶኛል። የመኪና ፖሊሽ ማሽን ገዝቼ ራሴን ልቻል ብዬ አስቤአለሁ። አንድ ጓደኛዬ ‹ማሽን ምን ያደርግልሃል፣ እኛ ጋራዥ ግራይንደር አለ፣ ስፖንጅና ሳህኑን ብቻ ገዝተህ ግጠምበት› ይለኛል። ፍቅረኛዬ ደግሞ ‹ብሩን የባጃጅ ቀብድ እናድርገው› እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ገበያ ብወጣ ስፖንጁ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ… የቱ ለምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። የእናቴም ብር ገብቶበታልና እባክህ ሳልገዛ ምከረኝ። ስሜ እንዳይወጣ አደራ።»

ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር ያነበብኩት። «ግራይንደር» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ሻዩ አልወርድ አለኝ። ይህ ልጅ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ «ልዝለል ወይ?» እያለ ነው የሚጠይቀኝ። ስለዚህ ምክሬን ከመስጠቴ በፊት ጉድጓዱን ላሳየው።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ ከዩኒቨርሲቲ በር ሳያደርሰኝ ቀርቶ፣ እኔም እዚያው ሳቢያን ላቫጆ ውስጥ ባልዲ ተሸካሚ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው አለ። አባቴ ሲሞት ደብተር የገዛልኝ፣ ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፍ «አንተ ልጅ፣ በላህ?» ሳይለኝ የማያልፍ ሰው ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ አለችው። የሴት ልጁ ሰርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጣና «አቦ፣ ይህቺን መኪና እንደ መስተዋት አድርግልኝ፤ ሙሽራዋ በሷ ነው የምትወጣው» አለኝ። «አንተ ብቻ ቁልፉን ስጠኝና በርጫህ ላይ ተቀመጥ» አልኩት። (አዲስ አበባ ያላችሁ አትደንግጡ። ድሬ ላይ አባትህ የሚሆነውን ሰው «አንተ» ማለት ነውር አይደለም። «እርስዎ» ካልከው ነው የተጣላህ የሚመስለው።)

ፖሊሽ ማሽን የለኝም። ኩራት ግን ነበረኝ። ከአንድ ብረት ቤት ግራይንደር ተዋስኩ። አሸዋ ወርጄ አንድ ስፖንጅና አንድ ሳህን ገዛሁ። ሳህን የምለው ያንን ከማሽኑ አንገት ላይ ተጠምዝዞ ስፖንጁን የሚይዘውን ክብ ፕላስቲክ ነው። ሻጩን «ግራይንደር ላይ ይገጥማል?» አልኩት። «ይገጥማል አቦ፣ ውሰደው!» አለኝ። ሰውየው አልዋሸኝም፤ ገጠመ። የጎዳኝም መግጠሙ ነው። ስፖንጁ ቢጫ ነበር፤ ከሆነ ሰው «ቢጫ ለማለስለሻ ነው» ሲባል ሰምቼ ነው። ሳህኑ 6 ኢንች፣ ስፖንጁ 5 ኢንች ተኩል። ሳህኑ ከስፖንጁ ጠርዝ ወጣ ብሎ ሲታይ ጎበዙ እኔ «ደህና አድርጎ ይይዘዋል» አልኩ።

ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩት። እስከ አስር ሳልቆጥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ ስፖንጁ ከሳህኑ ተላቆ በግንቡ ላይ በሮ ጎረቤት ግቢ ገባ። የቀረው ሳህን ባዶውን እየዞረ ከኮፈኑ ተንሸራቶ ፓራፋንጎው ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጭረት አሰመረ። ማሽኑን ሳጠፋው ስፖንጁ የነበረበት ቦታ ሰማያዊው የለም፤ ከስር ያለው ነጣ ያለ ግራጫ ቀለም አፍጦ ያየኛል።

ሰውየው በርጫውን ትቶ ወጣ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰና «ዝጋው» አለኝ። ማሽኑ ግን ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ሙሽራዋ በሰው መኪና ወጣች። ኮሮላዋ ቀለም ቤት ገብታ ኮፈኗና ፓራፋንጎዋ ተቀባ፤ ቀለሙ ግን ከበሮቹ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማም። የቀለሙን ሂሳብ 14 ወር ከፈልኩ። ከብሩ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። በነጋታው ቤቱ ሄጄ ከፍርሃት የተነሳ «እርስዎ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ተጣላን ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንተ ልጅ፣ በላህ?» የሚለው ድምፅ በጠዋት አልተሰማም።

ታዲያ ምን ነበር ጥፋቱ? ያኔ እድሌ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ እግር ስር ተቀምጬ ስማር ግን እድል በነገሩ ውስጥ እንዳልነበረበት ገባኝ። አራት ስህተት በአንድ እጅ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ ፍጥነቱ። ለፖሊሽ ተብሎ የተሰራ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3000 ዙር ያህል ነው የሚዞረው፤ ስራው የሚሰራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 እስከ 1500 ባለው ነው። ትንሿ ግራይንደር ግን 11,000 ዙር ትዞራለች፤ ብረት ለመቁረጥ ነው የተፈጠረችው። በእግረኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስፖንጅ በ1500 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከሳቢያን ወደ ከዚራ የሚወርድ ባጃጅ በሉት። ያው ስፖንጅ ግራይንደር ላይ ሲሆን ጠርዙ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን በመኪና ቀለም ላይ!

ቀለሙስ ምን ያህል ውፍረት አለው? አሁን የምናያቸው መኪኖች ቀለም ሁለት ድርብ ነው፤ ከስር ቀለሙ፣ ከላይ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈው ክሊር የሚባለው። የሚያበራው ክሊሩ ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉራችሁን አንድ ዘለላ ንቀሉና እዩት፤ ክሊሩ ከሱ ይቀጥናል። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ደግሞ ቅባት መቀባት አይደለም፤ ጭረቱ ያለበትን የክሊር ሽፋን በጥቂት በጥቂቱ መፋቅ ነው። የተፋቀ አይመለስም። ሊስትሮ ጫማ ሲያሳምር ቀለም ይጨምራል፤ እኛ ግን እንቀንሳለን። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው ገና ከጅምሩ እጁ ይቀላል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ሳህኑ ነው። ሳህን ሁልጊዜ ከስፖንጁ ማነስ አለበት። ብዙ አይደለም፤ ግማሽ ኢንች ገደማ። 5 ኢንች ሳህን ለ5 ኢንች ተኩል ስፖንጅ፣ 6 ኢንች ሳህን ለ6 ኢንች ተኩል፣ ቢበዛ ለ7። 3 ኢንቹ ደግሞ ለ3 ተኩል፣ ለ4። ስፖንጁ ዙሪያውን ወጣ ብሎ ሳህኑን እንደ ከንፈር ይሸፍነዋል፤ እጅህ ቢስት እንኳ መኪናውን የሚነካው ልስልሱ ነው። ሳህኑ ከበለጠ እንደኔ ጨረቃ ትስላለህ። በጣም ካነሰም ችግር ነው፤ የእጅህ ክብደት ሁሉ መሃል ላይ ይከማችና የስፖንጁ ጠርዝ እየተርገበገበ ምንም አይሰራም፣ ቶሎም ይቀደዳል። ስፖንጁን መሃል ለመሃል መለጠፍም አትርሳ፤ ጎን ከሄደ ማሽኑ እጅህ ውስጥ ይጨፍራል።

ስለ ሳህን ካነሳን አይቀር ስለ ጭጎጎት እናውራ። ጋራዥ ውስጥ «ቬልክሮ» የሚሉት፣ ሳህኑ ላይ ያለው ሾሃማ ነገርና የስፖንጁ ጀርባ ላይ ያለው ጨርቅ የሚናከሱበት ዘዴ ቅድመ አያቱ ጭጎጎት ነው። ሜዳ ስንሄድ ሱሪያችን ላይ የሚጣበቀው ያው ጭጎጎት! በ1941 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር ልብሱና የውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀበትን የጭጎጎት ዓይነት ቤቱ ወስዶ በማጉያ መነጽር ያየዋል። ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው። ከዚያ ተነስቶ ሰው ሰራሹን ጭጎጎት ፈጠረና በ1955 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እኛ ከሱሪያችን ላይ እየነቀልን ስንጥል ሰውየው ሀብታም ሆነበት።

እንግዲህ ይህ ጭጎጎት ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት መንጠቆው ይቀልጥና ይተኛል። የኔ ስፖንጅ የበረረው ለዚህ ነው። ሳህን ስትገዛ መንጠቆውን በጣትህ ዳስሰው፤ ሻካራና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። አሮጌ ሳህን መሃሉ ላጭቶ ከሆነ በነፃም ቢሰጡህ አትውሰድ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሳህን ይመረጣል፤ አየር ስለሚያስገባ ሙቀቱን ያበርድለታል። በጀርባው ስንት ዙር እንደሚችል የተጻፈበት ከሆነ አንብበው። ጠርዙ ትንሽ እሺ የሚል፣ ሲጫኑት ጎንበስ የሚል ሳህን ለጎባጣ ቦታ ለፓራውልትና ለፓራፋንጎ ጥሩ ነው፤ ደረቁ ለሰፊ ሜዳ ለኮፈንና ለጣሪያ።

ሶስተኛው ነገር ጥርሱ ነው። እዚህ ላይ ልጄ፣ ብርህን ሳታወጣ በደንብ ስማኝ። ከአውሮፓና ከኤስያ የሚመጡት ዙር ብቻ የሚዞሩ ፖሊሽ ማሽኖች አንገታቸው አብዛኛውን ጊዜ ኤም 14 ይባላል፤ 14 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የግራይንደርም አንገት ብዙውን ጊዜ ያው ኤም 14 ነው። ሳህኑ ግራይንደር ላይ «የሚገጥመው» ስለተፈቀደ አይደለም፤ ቡሎኑ ስለተመሳሰለ ነው። የአሜሪካዎቹ ደግሞ 5/8 ኢንች ናቸው፤ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ከኤም 14 ጋር አይተዋወቁም። ሌላው ወጥመድ ዱዋል አክሽን በሚባሉት ማሽኖች ላይ ነው። እነሱ ውስጥ አንዳንዱ 8 ሚሊ ቡሎን፣ አንዳንዱ 5/16 ኢንች ነው። 5/16 ኢንች ስንት ነው? 7.94 ሚሊ ሜትር! በአይን ማን ይለየዋል? አንድ ሁለት ዙር ይገባልሃል፣ ከዚያ ይነክሳል፣ አንተም «ጠበቀ» ብለህ በመፍቻ ትጨምርለታለህ፣ የማሽኑን አንገት ጥርስ በልተህ ታርፋለህ። ስለዚህ ሳህን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ማሽኑን ተሸክሞ ይሂድ። ያፍር ይሆን? አይፈር። ጫማ ሊገዛ ሲሄድ እግሩን ቤት ጥሎ ይሄዳል እንዴ? በእጅ ጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ካልገባ አትግዛው።

ዱዋል አክሽን ካልኩ ላብራራው። ይህ ማሽን ስፖንጁን እያዞረ በዚያው ላይ ወዲያና ወዲህ ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ቦታ ላይ ስለማይተኛ ቀለም ለማቃጠል እጅግ ይከብደዋል። ብዙ ብትጫነው መዞሩን ያቆምና መንቀጥቀጥ ብቻ ይቀረዋል፤ በማርከር ሳህኑ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር አስምርበትና መስመሩ ሲዞር እያየህ ስራ። ለጀማሪ ከዚህ ሌላ አልመክርም። ዙሩ ማሽን ፈጣን ነው፣ የባለሙያ ነው፤ እኔ ዛሬም ስይዘው ልቤ ይመታል። ግን ደግሞ ዱዋል አክሽኑ በውስጡ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት አለው፤ ፋብሪካው ለ5 ኢንች ሳህን ያመዛዘነውን ማሽን 6 ኢንች ብታሸክመው ይንዘፈዘፋል፣ እጅህን ያደነዝዘዋል፣ ኩሽኔታውንም ይገድለዋል። አብሮት የመጣውን የሳህን ልክ አትቀይር።

አሁን ወደ ስፖንጁ ቀለም። ወዳጄ፣ ቢጫ ማለት ምንም ማለት አይደለም! የስፖንጅ ቀለም እንደ መብራት፣ ቀይ ቁም አረንጓዴ ሂድ የሚል የዓለም ህግ የለውም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ይቀባል። አንዱ ጋ ቢጫ ለስላሳ ነው፣ ሌላው ጋ ቢጫ ቆራጭ ነው። ይህ ነው አራተኛው ጥፋቴ። ስፖንጅ በአይን አይገዛም፤ በአውራ ጣት ነው የሚገዛው። ተጫነው። ጣትህን እየገፋ የሚመልስ፣ ጠንከር ያለው ለመቁረጫ ነው፤ ጥልቅ ጭረት ያነሳል፣ በምላሹ ጭጋግ ትቶ ይሄዳል። መካከለኛው ጭጋጉን ይጠርጋል። ጣትህ ገብቶ የሚቀርበት፣ እንደ ትኩስ ድፎ የሚሆነው ለመጨረሻ ማብሪያ ነው። ጠርዙ የተፈረፈረ፣ ጭጎጎቱ ከስፖንጁ የተላቀቀ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም ተወው።

ሱፍም አለ። የሱፍ ፓድ ከስፖንጅ ይበልጥ ይቆርጣል፣ በሙቀትም ከስፖንጅ ይሻላል፤ የድሮ ጋራዦች ወዳጅ ነው። ግን በፀሐይ ሲያዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ሱፍ የነካውን ሁሉ በስፖንጅ መከተል ግድ ነው። ከሱፍ በኋላ ለባለቤቱ ቁልፍ የሚያስረክብ ሰው ጥላ ስር የሚያስረክብ ሰው ነው፤ ነቅተንበታል! ማይክሮፋይበር የሚባለውም ቆራጭ ነው፣ ለዱዋል አክሽን ይመቻል፤ ቶሎ ቶሎ ካልተጠረገ ግን ይታፈናል።

ስንት ይገዛ? አንድ ስፖንጅ ገዝቶ መኪና ሙሉ መስራት፣ በአንድ ጨርቅ ቤት ሙሉ እንደ መወልወል ነው። ሁለት መካከለኛ፣ አንድ ቆራጭ፣ አንድ ለስላሳ፤ በቃ። ገንዘብ ከተረፈ 3 ኢንች ሳህን ከነስፖንጁ ማሽኑ የሚቀበለው ከሆነ ብቻ። ባጃጅ ላይ፣ በር እጀታ ዙሪያ፣ መስተዋት ስር ትልቁ ስፖንጅ አይገባም። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ ፍሬኑ ባይዝ ይታገሱታል፣ ቀለሙ ካላበራ እንቅልፍ የላቸውም።

የድሬን ነገር ለብቻው ልናገር። ውሃችን ጨው ይበዛዋል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ መኪና ነጭ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ነጠብጣቡን ያየ ባለመኪና «ፖሊሽ» ይላል፤ እኛም ስራ እናገኛለን። ፀሐዩ ደግሞ የፖሊሹን ቅባት ገና ሳይሰራ ያደርቀዋል። የጋለ ኮፈን ላይ ማሽን ማሳረፍ ጥፋት ነው፤ ጠዋት በማለዳ ወይ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ውስጥ። ቀትርማ ድሬ እንኳን ማሽን ሰውም አያሰራም። አቧራውስ? ስፖንጁ አንዴ መሬት ከወደቀ ያ ስፖንጅ ስፖንጅ አይደለም፤ የደቻቱ አሸዋ የተለጠፈበት ብርጭቆ ወረቀት ነው። አራግፌዋለሁ ብለህ ራስህን አታታል። በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ ጭመቀው፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገህ ጥላ ላይ አድርቀው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። መኪናው በደንብ ይታጠብ። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ በወረቀት ስኮች ይሸፈን። አራት አምስት የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠብታ ስፖንጁ ላይ፤ ማሽኑ መኪናው ላይ ካረፈ በኋላ ይነሳ፣ አለበለዚያ ቅባቱን ግድግዳው ይቀባዋል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ በዝግታ። ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምር፤ ካልሰራ ነው ወደ ጠንካራው የምትወጣው። እኔ የጀመርኩት ከጣሪያው ነበር፣ ለዚያ ነው የወደቅኩት።

አንድ ምልክት ግን በልብህ ያዝ። ስፖንጁን ገልብጠህ እየው። የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ ሁለት ነገር ነው። ድሬ ላይ ዛሬም የሚታዩት እነዚያ አሮጌ ፔጆ 404ዎች ጥንት በተቀቡት ቀለም ካሉ ክሊር የላቸውም፤ ነጩ ፔጆ ስፖንጁን ነጭ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ያደርገዋል፤ አትደንግጥ። ክሊር ያለው አዲስ መኪና ላይ ስፖንጅህ ቀለም ይዞ ከመጣ ግን ማሽኑን አጥፋና ባለቤቱን ጥራ። ክሊሩ አልቋል። ሳታወራው ብትቀጥል ኮፈኑ ራሱ ያወራብሃል።

«ስራውስ ያዋጣል ወይ?» ብለኸኛል በደብዳቤህ ጀርባ። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አሮጌ ኮሮላና ቪትዝ ያለው ሰው ያችኑ እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይዟል። ይህ ለአንተ ደግ ነው። በሌላ በኩል በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ እቃ ሁሉ እንደተወደደ ታውቃለህ፤ አንድ ስፖንጅ ማበላሸት ዛሬ ያንገበግባል። ለፍቅረኛህም እውነቱን ልናገርላት፦ ጭቅጭቋ ከጥላቻ አይደለም። እቁቡን በሙሉ ማሽን ላይ አታፍስስ። አንድ ዱዋል አክሽን፣ አብሮት የመጣው ሳህን፣ አራት ስፖንጅ፤ የተረፈውን እናትህ እጅ አስቀምጥ። ከዚያ ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኮፈን ለምነህ ውሰድና አንድ ወር እሱ ላይ ስራ። ሆን ብለህ አንድ ጥግ አቃጥለው፤ እስከ ስንት እንደሚታገስ እጅህ ይወቅ። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት በሰው ሙሽራ መኪና ላይ ነው።

የኔን ሰውዬ ነገር ሳልጨርስ ብሄድ ትወቅሱኛላችሁ። የመጨረሻዋን ወር ብር ይዤ ስሄድ ቆጠረና ኪሱ ከተተ። «ጨረስኩ፣ እርስዎ…» ስል እጁን አነሳ። «አቦ ተወው ይሄን ‹እርስዎ›ህን፤ ብሩ አልቋል» አለኝ። አሁን በጠዋት «አንተ ልጅ» ይለኛል። «በላህ?» የምትለዋ ግን እስካሁን አልተመለሰችም። ኮሮላዋንም እኔ ጋ አምጥቶ አያውቅም፤ ሌላ ሰፈር ወስዶ ነው የሚያሳጥባት። አያለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ደብዳቤ ጸሐፊው ከትናንት ወዲያ ደወለልኝ። ማሽኑን ገዝቷል፣ ዱዋል አክሽን ነው። ሳህኑ አብሮት አልመጣም ነበርና ነጋዴው ለብቻው ሸጦለታል። «ስንት ኢንች ነው?» አልኩት። «6»። «ስፖንጁስ?» ትንሽ ዝም አለና «5 ተኩል» አለኝ። ማሽኑን ተሸክሞ ተመልሶ ሄዶ እንዲያስቀይር ነግሬዋለሁ፤ ካልቀየረለት እኔው አብሬው እወርዳለሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።